ከመኪናው ጋር የተሰጠሁ ዕለት

ከፊሌ፣ ማለትም አሠሪዬና የኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ዋስ የነበሩት ሰው፣ በረመዳን ዋዜማ ሞቱ። ሪያድ፣ ሱለይማኒያ ሠፈር በሚገኘው ቤታቸው በሾፌርነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት እኔና እርሳቸው የተነጋገርነው ሁሉ ቢሰበሰብ ከአንድ ምሽት ጨዋታ አይበልጥም። በአገሬ መምህር ነበርሁ። እዚህ ግን ሾፌር የሚወደደው በዝምታው መሆኑን ቶሎ ተረዳሁ፤ ዝምታውም እያደር ጠባይ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራዬ እርሳቸውን በትልቁ ጥቁር ጂፕ ለኩላሊት እጥበት ማመላለስ ብቻ ነበር። ሲመለሱ በኋላ ወንበር ላይ ጋደም ይላሉ፤ እኔም ጎርባጣውን መንገድ እየሸሸሁ በዝግታ እነዳለሁ።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ባለቤታቸው አስጠሩኝ። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው።

“እኔ ከቤት አልወጣም፤ ልጆቼም የየራሳቸው መኪና አላቸው” አሉኝ። “ጂፑን በሟቹ ስም ሶደቃ እንዲሆን ነይቼዋለሁ። በጎ አድራጎት ማኅበሩ ይውሰደውና መኪና የሌላቸውን የኩላሊት ሕመምተኞች ያመላልስበት። አንተም አብረኸው ትሄዳለህ፤ ኢቃማህን ወደ እነሱ ያዛውሩልሃል። የሐኪም ቤቱን መንገድ ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል?”

“ኢንሻአላህ” አልሁ።

የሚረከበኝ አሠሪ ካላገኘሁ የሚጠብቀኝ ኹሩጅ ነበር፤ መመለሻ የሌለው የመጨረሻው መውጫ። ወሎ የነበረኝ ቤት በጦርነቱ ነድዷል። ባለቤቴ ከዚያ ቀደም ብላ ዐርፋለች፤ ልጅም አልወለድንም። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሰው እንደ መለዋወጫ ጎማ ከመኪና ጋር ሲሰጥ ውርደት ነው የሚል ይኖራል። እኔ ውርደቱ አልተሰማኝም። የተሰማኝ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ያልለመድሁት ተስፋ ነበር፤ እርሱም አጉል ትጋት ውስጥ ከተተኝ። ማኅበሩ መኪናውን አይቶ ሾፌሩን እንዲወድ ብዬ ሱለይ ሠፈር ወዳለ ጋራዥ ወሰድሁት። ባለጋራዡ እዚሁ ሪያድ ያደገ፣ ጎልማሳ ያገራችን ሰው ነው።

“ጋሼ፣ ሊድሩት ነው?” አለኝ ገና ሳልወርድ።

“ለሶደቃ ነው።”

“ለሶደቃማ ሰው የሚሰጠው ተገፍቶ የማይነሳውን ነው! ወላሂ፣ ይሄን ለእኔ ይተዉትና እኔን ይስጡኝ።”

ሳቅሁ። የተጫረው በር እንዲቀባ፣ ያለቀው ጎማ እንዲቀየር፣ የወንበሩ ቆዳ ታጥቦ ቅባት እንዲጠጣ አዘዝሁ። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ መወልወል ያዝሁ።

“ኸላስ፣ ጋሼ! ከዚህ በላይ ካሸነው ቀለሙ አብሮን ይሄዳል።”

“የፊት መብራቱ ደብዝዟል።”

“የእርስዎስ ዓይን? እሱን ማን ይወልውልልዎ?”

በማግስቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ መኪናውን ወደ ማኅበሩ ግቢ ነዳሁት። ተረካቢው ትሑት ሰው ነበር። ዙሪያውን ዞረው፤ ሞተሩን ከፍቶ አየ፤ ወንበሩን በመዳፉ ዳበሰ። “ማሻአላህ” ባለ ቁጥር የተቀጠርሁ መሰለኝ። ሲጨርስ ስለ ሕመምተኞቹም፣ ስለ ኢቃማዬም ነገርሁት።

“ያ ዓሚ” አለኝ፣ አጎቴ እንደ ማለት ነው፣ በአክብሮት፤ “ይኼ ለሥራ አይሆንም። እንዲህ ያለውን በጨረታ ሸጠን ገንዘቡን ለሕክምና እናውለዋለን።”

“ሴትዮዋ የነየቱት ግን ሕመምተኛ እንዲያመላልስ ነው።”

“አላህ ይቀበላቸው። ሕመምተኞቹን የምናመላልሰው ገዢ በማያገኙት አሮጌዎች ነው። ይኼም ተጭሮ፣ ጎማው አልቆ ቢመጣ ኖሮ ማን በጨረታ ያነሳው ነበር? እኛው እንሠራበት ነበር።”

“ሾፌሩስ?”

“የትኛው ሾፌር?”

“እኔ።”

ሳቀ። “መኪና እንጂ ሰው በሶደቃ አንቀበልም፣ ያ ዓሚ!” ወዲያው ፊቴን አየና ሳቁን ሰበሰበ። “ለአሮጌዎቹ ሾፌሮች አሉን። ይቅር በለኝ።”

አልተከራከርሁም። ክርክር የማውቀው ነገር ነበር፤ የሰውዬው ቃል ግን ቀዳዳ አልነበረውም። አንድ ጂፕ ከሚያመላልሳቸው ይልቅ በዋጋው የሚታከሙት እንደሚበዙ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እኔን ሊያተርፈኝ ይችል የነበረው ጭረቱና ያረጀው ጎማ ነበር፤ እነዚያን ደግሞ ጋራዥ ወስጄ በገዛ እጄ አጥፍቻቸዋለሁ። ቁልፉን አስረክቤ በአውቶቡስ ተመለስሁ።

ሴትዮዋ ሳሎን ሆነው ይጠብቁኝ ነበር።

“ተቀበሉት?”

“ተቀበሉት።”

“ሕመምተኞቹን አየሃቸው?”

“ገና ናቸው።”

“አንተስ መቼ ትጀምራለህ?”

ዝም አልሁ። ከለመዱት ዝምታዬ ቆጥረውት፣ እጃቸውን ዘርግተው ለእኔም ለሟቹም ረጅም ዱዓ አደረጉ። አሚን አልሁ።

ልጃቸው ግን ከማኅበሩ ጋር በስልክ ተነጋግሮ ኖሮ ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ ክፍሌ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። የኹሩጁን ጉዳይ እንደሚጀምርና የአውሮፕላን ቲኬቱን ራሱ እንደሚችል ነገረኝ።

“ያንተ አገር ከአዲስ አበባ ይርቃል አይደል?” አለኝ። “ወዲያም የሚሄድ አውሮፕላን ካለ፣ እስከ ቤትህ ደጃፍ ልቁረጥልህ።”

ስለ ቤቴ ሲጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

“አዲስ አበባ ይበቃል” አልሁት።