ትሪውን የሚያዞር ሰው

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አክስቴ በባዕድ አገር፣ ሆሎዌይ በሚባል ሰፈር በሚገኘው ጠባብ ቤታቸው ሰብስበው ሲያበሉን ሁልጊዜ ትሪውን ያዞሩት ነበር። እኔ ቀስ ብዬ ስለምበላ፣ ሥጋው የተረፈበትን ጎን ወደ እኔ ይመልሱና፣ «አብሮ መብላት ማለት ሁሉም ጠግቦ ሲነሳ ነው» ይሉ ነበር።

ባለፈው ሰመር፣ በፈረንጆቹ የሙቀት ወራት፣ የዱር እንስሳት ወደሚታዩበት ዙ ወሰድኳቸው። አንዲት ሰጎን ከሜዳ አህዮች ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ትኖራለች። ወደ መኖው ገንዳ በቀረበች ቁጥር በርግጫ ያባርሯታል። የጀርባዋ ላባ ተነቃቅሏል። አክስቴ የእንስሳቱን ተንከባካቢ ጠሩት።

«ንገረው» አሉኝ፤ «ለብቻዋ ይስጣት! የምትጠለልበትም ይሥራላት!»

ተረጎምኩለት። ሰውዬው ፈገግ አለ። «በተፈጥሮም አብረው ነው የሚኖሩት፤ ጎብኚም ደስ ይለዋል።»

ይህን ስነግራቸው አጥሩን በምርኩዛቸው መቱት። «በተፈጥሮማ ሮጣ ታመልጥ ነበር! እዚህ ወዴት ትሂድ?»

መስከረም ሳይጠባ አረፉ። በአርባቸው ዕለት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ስለ ደግነታቸው እያወራ በላ። ሥጋው ለእኔ ሳይደርስ ከወዲያ በኩል አለቀ፤ ትሪውን ያዞረ ሰው ግን አልነበረም። ተናድጄ ምርኩዛቸውን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ዙ ሄድኩ። ያው ተንከባካቢ፣ «የድሮዋ ሞተች፤ ይቺ አዲስ ናት» አለኝ፣ ያንኑ ፈገግታውን እያሳየ። ጎብኚ ደስ እንዲለው ሞተች! አዲሷም ከገንዳው ርቃ ቆማለች። አጥሩን በአክስቴ ምርኩዝ መታሁት።

«ለብቻዋ ስጣት!» አልኩት፣ በአማርኛ።

ምን እንዳልኩ ጠየቀኝ። አልተረጎምኩለትም።