ደንዲ ሐይቅ ዳር የተዘጋችው ድንኳን

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቴዎድሮስ አደባባይ ስንነሳ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ጓደኛዬ ብሩክና እህቱ ሄለን። ብሩክና እኔ ፒያሳ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። የእናቱን ቤትና የእናቴን ቤት የሚለየው አንድ የጣውላ ግድግዳ ስለነበር፣ እሱ ሲያስነጥስ እኔ ከአልጋዬ ሆኜ «ይማርህ» እለው ነበር። ግቢያችን ከፈረሰ ወዲህ እሱ ከእናቱና ከእህቱ ጋር ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባ፤ እኔ ደግሞ በሌላኛው ዳር ቤት ተከራየሁ። ስምንት ወር ሙሉ በስልክ ብቻ ስንገናኝ ቆየን። አንድ ቀን ደውሎ «ዳኒ፣ የትም ሄደን አንድ ቀን እንደር፤ ስልክ የማይሠራበት ቦታ» አለኝ።

ደንዲ ሐይቅን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሁለቱን ድንኳኖች የተከራየሁትም፣ የከሰል ምድጃውን ከቤቴ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የሆነውን ስታነቡ ጥፋተኛውን ፍለጋ እንዳትደክሙ ነው።

የብሩክ መኪና አሮጌ ዲኤክስ ናት። ዕድሜዋ ከሄለን ይበልጣል። አስኮን አልፈን፣ ቡራዩ ላይ ከጭነት መኪኖች ጋር ተጋፍተን፣ ሆለታ ስንደርስ አንድ አንድ ብርጭቆ እርጎ ጠጣን። ሄለን ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ናት፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ባለፈው ዓመት ነው። «እስቲ እኔ ልንዳ» ስትል ብሩክ መሪውን አቅፎ «ይቺ መኪና አሮጊት ናት፤ በሽምግልናዋ አታስደንግጪያት» አላት። ጊንጪ ላይ ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ በላን። ለሦስት ሰው ከነሻዩ አራት መቶ ሃምሳ ብር ከፈልን። እኔ ከፍዬ ስነሳ ብሩክ ለአስተናጋጇ «ፒያሳ ቢሆን በዚህ ዋጋ ሽታውን ብቻ ነበር የሚሰጡን» አላትና አሳቃት። እንደዚያ ቀን ጠዋት ሲጫወት ካየሁት ቆይቷል።

ከጊንጪ ወደ ግራ ታጥፈን የጠጠሩን መንገድ ያዝን። ዳገቱ እየበረታ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ የገብሱ ማሳ እየበዛ ሄደ። አምስት ሰዓት ላይ ተራራው ጫፍ ስንደርስ መኪናዋን አቁመን ወረድን። ከእግራችን ሥር፣ በገደል በተከበበ ትልቅ ጎድጓዳ ውስጥ፣ ሁለት ክብ ውሃዎች ወገባቸው ላይ ተያይዘው ተኝተዋል። ሄለን «ይሄ ሁሉ እዚህ ተቀምጦ እኛ ኩሪፍቱ፣ ላንጋኖ ስንል እንኖራለን?» አለች። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር ይጠጋል። ትንሽ ፈጠን ብሎ የሄደ ሰው ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታል።

ዕቃችንን በሁለት ፈረስ አስጭነን በእግራችን ቁልቁል ወረድን። ውሃው ዳር የጠበቁን የአካባቢው ጥበቃ፣ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው። ካፖርታቸው ጉልበታቸውን አልፏል። ድንኳን የምንተክልበትን ደረቅ ቦታ መረጡልን፣ ካስማ መቱልን። ምድጃዋን ሲያዩ ግን እጃቸውን አቆሙ።

«ይቺ ውጪ ትደር» አሉ።

«ብርዱ ከከፋስ አባቴ?»

«ብርዱ ቢከፋም ውጪ ትደር። ድንኳንም ቤት ነው። ቤት ደግሞ ይታፈናል።»

እኔ ሳቅኩ። «አይዞዎት፣ እኛ የአራዳ ልጆች ነን። የታክሲ ጭስ ነው ያሳደገን፤ ጭስ አይበግረንም።»

ብሩክም ሳቀ። ኦቦ ገመቹ አልሳቁም። «የዚህኛው ክፋቱ ጭስ የለውም» አሉና ወደ ካስማቸው ተመለሱ። እኔ ደግሞ ያን ንግግር የገጠር ሰው ጥንቃቄ ነው ብዬ አለፍኩት። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ከሰል ተያይዞ ባልዋለበት ቤት ኖሬ አላውቅም። ስለ ከሰል እሳቸው ሊያስተምሩኝ?

*ዘጠኝ ሰዓት*

በምድጃዋ ድንች ቀቅለን በሚጥሚጣ በልተን፣ እግራችንን ውሃ ውስጥ ከትተን ተቀምጠን ነበር። ብሩክ ስለ ኮንዶሚኒየሙ ሲያወራኝ «ጎረቤቴን በስሙ አላውቀውም፤ የማውቀው በጫማው ነው፤ በር ላይ ያወልቀዋል» አለኝ። የሚያዝያ ሰማይ ድንገት ነው የሚገለበጠው። ሄለን ወተትና እንቁላል ለመግዛት ከኦቦ ገመቹ ጋር ወደ ቤታቸው ሽቅብ እንደወጣች ጥቁር ደመና ገደሉን ተሻገረ። ወዲያው በረዶ ወረደብን። ሽምብራ የሚያክል፣ ጆሮ የሚያቃጥል በረዶ። ዕቃ ስንሰበስብ እስከ ውስጥ ልብሳችን ራስን።

ብሩክ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ሲንቀጠቀጥ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኝ ነበር። ምድጃዋን በሰሃን ከድኜ አትርፌያታለሁ፤ ፍሟ ደህና ነው። አንስቼ አስገባኋት።

«ሰውየው ምን አሉ?» አለኝ ብሩክ።

«ለአሥር ደቂቃ ነው። ልብሳችን እስኪደርቅ።»

አመነኝ። በረዶው እንዳይገባ ዚፑን እስከ ታች ዘጋሁት። እኔ በሩ ጋ ሆንኩ፤ እሱን ይሞቀዋል ብዬ ወደ ውስጥ፣ ከምድጃዋ አጠገብ አስተኛሁት።

ሙቀቱ እንዴት ደስ ይል ነበር! የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው። ምንም አልሸተተኝም፣ ዓይኔን አልቆጠቆጠኝም፣ አላሳለኝም። ብሩክ ስለ ልጅነታችን እያወራ መሃል ላይ ዝም አለ። ደከመው ብዬ አሰብኩ። እኔንም ራሴን ትንሽ ወጋኝ። ከፍታው ነው ብዬ ጋደም አልኩ።

ከዚያ የማስታውሰው የሄለንን ድምፅ ነው። «ዳኒ! ብሩኬ! ወተት አመጣሁ!» ትላለች። በደንብ እሰማታለሁ። «እዚህ ነን» ብዬ መለስኩላት። ቆይታ ደግማ ጠራችን፤ እኔም ደግሜ መለስኩ። በኋላ እንደነገረችኝ ከድንኳኑ አንዲት ትንፋሽ እንኳ አልወጣችም። እኔ መልስ የሰጠሁት በሐሳቤ ነው። እጄን ላነሳ ፈለግኩ፤ እጄ የሌላ ሰው እጅ ሆነ። እግሬ የለም። በተከፈተ ዓይኔ ዚፑን አያለሁ፤ ከፊቴ አንድ ክንድ አይርቅም፤ ግን ልነካው አልቻልኩም። ፍርሃት እንኳ አልነበረኝም። መፍራት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን አልመጣልኝም።

ከዚያ ላስቲክ ሲቀደድ ሰማሁ። ከሄለን ጋር የወረዱት ኦቦ ገመቹ ድንኳኑን በጩቤ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት። አንገቴን ይዘው ወደ ውጪ ጎተቱኝ። በረዶው ላይ በአፍጢሜ ተደፍቼ አስመለሰኝ።

ብሩክን ሲያወጡት አየሁት። ፊቱ ቀልቷል። ከኔ ይልቅ ጤነኛ ይመስላል። በዚህ የተነሳ «ተኝቶ ነው» አልኩ፤ ወይም ያልኩ መሰለኝ። ሄለን ጉንጯን አፍንጫው ጋ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ ቆየች። ወተቱ እግሯ ሥር ፈስሷል። «ይተነፍሳል» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ጮኸች። ቃል የሌለው ጩኸት ነበር።

ኦቦ ገመቹ ጉብታው ላይ ወጥተው በኦሮምኛ ተጣሩ። ገደሉ ድምፃቸውን ተቀብሎ አስተጋባ። ሰው የሌለ በመሰለኝ በዚያ ዳገት ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ዐሥር የሚሆኑ ወንዶች ቃሬዛ ይዘው እየሮጡ ወረዱ። አንዱ ወተት ላጠጣው ሲል ኦቦ ገመቹ እጁን መቱት። «ራሱን የሳተ ሰው ወተት ያንቀዋል! አየር ነው የሚሻው!» ብሩክን በጎኑ አስተኝተው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ አራት አራት እየሆኑ እየተቀባበሉ ያን ሁሉ ዳገት ተሸክመውት ወጡ። እኔን ፈረስ ላይ ጭነው ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ደገፈኝ። ከፊቴ ቃሬዛው ይሄዳል። በኛ አገር ቃሬዛ በዚያ ሁኔታ ሲሄድ ያየ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። የብሩክ እጅ ከጋቢው ወጥታ ትወዛወዝ ነበር፤ አንዱ ሰው አንስቶ ደረቱ ላይ አስቀመጠለት። እንደገና ወደቀች።

መኪናዋ ጋ ስንደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ጭጋግ ወርዷል። እኔ ለመንዳት ቁልፉን ከብሩክ ኪስ ሳወጣ እጄ ላይ አልቆም አለኝ። ሄለን ከመሬት አነሳችው።

«ከከተማ ወጥተሽ ነድተሽ አታውቂም» አልኳት።

«አንተም ሰው ገድለህ አታውቅም ነበር» አለችኝ።

ይህን ብላ መሪው ፊት ተቀመጠች። እኔ ከኋላ ወንበር የብሩክን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በአራቱም መስኮት ነፋስ እየገባ፣ ትንፋሹን ስቆጥር ነበር። በያንዳንዱ መሃል ያለው ዝምታ ረጅም ነው። ጊንጪ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስንገባ አንዲት ወጣት የጤና መኮንን አንዴ ብሩክን፣ አንዴ እኔን አየችና «ከሰል ነው?» አለች። ኦክስጅን አደረጉለት። ለኔም አደረጉልኝ።

*እሁድ*

ጠዋት ላይ ብሩክ ዓይኑን ገለጠ። ሄለንን አተኩሮ አየና «እማዬ» አላት። ሄለን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ራሱን እያገኘ መጣ። «መኪናዋን ማን ነዳት?» አለ።

«እኔ።»

«በቃ፣ ፍሪሲዮኗን በልተሻታል» አላት። ሄለን እየሳቀች አለቀሰች።

የጤና መኮንኗን ኮሪደር ላይ አስቁሜ፣ «እኛ እኮ ዕድሜ ልካችንን ከሰል ቤት ውስጥ ነው የምናነደው፤ እንዴት እስከ ዛሬ?» አልኳት።

«የት ሰፈር ነበር ቤታችሁ?»

«ፒያሳ። አሮጌ የጣውላ ቤት።»

«ነፋስ ይገባ ነበር?»

ክረምት በመጣ ቁጥር እናቴ በየስንጥቁ የምትወትፈው ጨርቅ ትዝ አለኝ። በየክረምቱ የረገምነው ነፋስ ነው ያኖረን። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ረፋዱ ላይ ኦቦ ገመቹ በጭነት መኪና ተሳፍረው መጡ። የተሰነጠቀውን ድንኳን አጣጥፈው፣ ዕቃችንን አንድ ሳይቀር በማዳበሪያ ከትተው አምጥተዋል። ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል ብብቴን ይዘው አቆሙኝ።

«እንዴት አወቁ ግን?» አልኳቸው።

ወደ ብሩክ አልጋ እያዩ ነው የመለሱልኝ። «ታናሽ ወንድሜ እናንተ ከተማ ዘበኛ ነበር። የዘበኛ ቤቷ ጠባብ ናት። ብርድ ነበር። ጠዋት በሩን ሰብረው ነው ያወጡት።»

«ታዲያ ምነው ይህን አልነገሩኝም?»

«ነገርኩህ እኮ» አሉኝ በለሆሳስ። «ሳቅክ።»

ከደረሰብኝ ሁሉ እስካሁን ከእንቅልፌ የሚያነቃኝ ይህ ነው። በኔው ከተማ የሞተ ሰው ያስተማረውን ነገር ከአራዳ ድረስ ሄጄ ነው የሳቅኩበት።

*ሰኞ፣ መመለስ*

አዲስ አበባ ሄዶ ተጨማሪ ምርመራ እንዲያደርግ ወረቀት ጻፉለት። ሄለን ነዳች። ቡራዩን ስናልፍ «ለእማዬ ከፍታው ነው ያመመው እንበላት። ልቧ ደካማ ነው» አለች። ብሩክም ራሱን ነቅንቆ ተስማማ። እኔም እሺ አልኩ።

ምርመራውን ጨርሰን የኮንዶሚኒየሙን አራት ፎቅ ስንወጣ የብሩክ እናት እትዬ አስካለ በሩን ከፍተው ቆመዋል። ልጃቸውን አቀፉት፣ እኔን ሳሙኝ፣ «ምነው ከሳችሁ?» አሉ። ሄለን ስለ ከፍታው የተስማማነውን ጀመረች። እትዬ አስካለ ግን የሚያዩት እኔን ነበር። በልጅነቴ መስታወት ስሰብርም እንዲህ ነበር የሚያዩኝ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ከሰል ድንኳን ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አታስገባ ተብዬ ነው ያስገባሁት። ብሩክን ልገድለው ነበር።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቃሬዛውን ሳይቀር። ሄለን ዓይኗን ጨፍናለች። እትዬ አስካለ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እንዲመቱኝ ፈልጌ ነበር።

«አንተ የት ነበርክ?» አሉኝ።

«አጠገቡ።»

«እንግዲያ ሁለት ልጅ ነበር የምቀብረው» አሉ። «ለምን አንዱን ብቻ ትቆጥራለህ?»

ያኔ ነው ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት።

አሁን ወር ሆኖታል። ብሩክ ሥራ ገብቷል። ሐኪሙ ይሻልሃል ብሎታል፤ ግን አንዳንድ ቃል ይጠፋበታል፣ ያኖረውን ዕቃ ይረሳል። በዚህ ጉዞ ስለ መንገድም ስለ ተራራም ብዙ ተምሬያለሁ፤ ከሁሉ የከበደኝ ግን አዋቂ ነኝ ያልኩበት ነገር ሊገድለኝ መቅረቡ ነው። ይህን ለምታነቡ ሁሉ የምለው፣ ብርዱ ምንም ቢብስ እሳቱን ውጪ ተዉት፤ የሚያስጠነቅቃችሁንም ሰው ምክንያቱን ጠይቁት።

ባለፈው እሁድ ብሩክ ደወለልኝ።

«ዳኒ፣ ያ የሄድንበት ሐይቅ ስሙ ማን ነበር?»

«ደንዲ።»

«ቆንጆ ነበር አይደል?»

«በጣም ቆንጆ ነበር» አልኩት፤ እሱ ያላስታወሰውን ሁሉ አንድ በአንድ እነግረው ጀመር።