ለሽምግልና ሄጄ ግንብ ላይ የወጣሁ ለታ

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ እዚህ ባሕር ማዶ ካለው ሐበሻ ሁሉ፣ የአየርላንድ መነኮሳት ድሮ በድንጋይ ስላቆሟቸው ረጃጅም ክብ ግንቦች እንደኔ የሚያውቅ የለም። እውቀቴን የቀሰምኩት ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ትራፊክ ይዞን ሳለ፣ ከስልኬ ላይ ካየሁት አንድ ቪዲዮ ነው። እሱም ግማሹ ማስታወቂያ ነበር።

የእህቴ ልጅ የአንድ አየርላንዳዊ ልጅ ወደደ። አባትየው ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። እህቴ “ሽማግሌ ሳይላክ ሠርግ የሚባል ነገር የለም” ስላለች፣ እኔና ሁለት አዛውንት ተላክን። ልጁ በራፋቸው ድረስ ነድቶ አደረሰንና እሱ መኪናው ውስጥ ቀረ። ስወርድ እንዲህ አለኝ፦

“ጋሼ፣ ሰውየው ግንብ ሲነሳላቸው ነፍሳቸው ናት። እሱን እያነሳህ አለስልሳቸው። ብቻ በናትህ፣ አታጋንን!”

ገባን። “ተቀመጡ” አሉን። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ “ሰጥቻለሁ” ሳይባል መች ይቀመጣል? ሰውየው ሶፋው ቆሽሾ የተጸየፍነው መስሏቸው በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ጉዳያችንን ቆመን ተናገርን።

“ልጅቷ ትልቅ ሰው ናት፤ እኔ ምን አገባኝ?” አሉ።

ይሄ እሺ ነው እምቢ? ግራ ገብቶን ተገትረን ቀረን። ታላቃችን በክርናቸው ጎሸም አድርገው “ቶሎ አንድ ነገር በላቸው እንጂ፣ ጉልበቴ አለቀ!” አሉኝ።

ግንቡን አነሳሁ። “በሩን ከመሬት ያን ያህል ከፍ ያደረጉት መሰላሉን ወደ ውስጥ ለመሳብ ነው አይደል?”

የሰውየው ፊት በራ። “እንደዚያ የሚሉም አሉ! እኔ ግን ታች በር ቢከፈት መሠረቱ ይደክማል ብለው ነው እላለሁ።”

አላስችል አለኝ። “እኛም አገር አለ። ደብረ ዳሞን በገመድ ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ! አንዴማ የደከመው ዲያቆን አዝዬ!”

“እንግዲያው ና!” ብለው እጄን ይዘው ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ባክያርድ ወሰዱኝ። ለካ በገዛ እጃቸው ግንብ ሠርተዋል! ከእውነተኞቹ ብዙዎቹ ጣሪያቸው ወድቆ፣ አንዳንዶቹም ጉቶ ሆነው ስለቀሩ፣ የእሳቸውንም ሆን ብለው ጫፉን የተሰበረ መንጋጋ አስመስለውታል። መሰላል በሩ ላይ አስደግፈው “ውጣ!” አሉኝ።

ወጣሁ። መሀል ላይ ስደርስ እግሬ የኔ መሆኑን ካደ። ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ! መሰላሉን አቅፌ፣ ምጥ እንደያዛት ሴት “ማርያም! ማርያም!” እላለሁ።

ተከትለውን የወጡት ታላቃችን ከታች ሆነው ተናገሩ። “ዶክተር፣ እንግዲህ ይምረጡ። ወይ ልጅዎን ይስጡን፣ ወይ ይህን ሰውዬ እዚሁ ትተንልዎ እንሄዳለን!”

ሰውየው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። “ኧረ ውሰዷት! ሰጥቻለሁ!”

እኔን ያወርዱኛል ስል፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተሽቀዳደሙ ሄደው አትክልቱ መሀል ካለው አግዳሚ ላይ ዘፍ አሉ። ያወረዱኝ ዶክተሩ ናቸው። ቁርጭምጭሚቴን ይዘው አንድ እግሬን አሳርፈው ሌላውን እያስከተሉ፣ ጥርስ እንደሚነቅሉለት ሰው “አይዞህ፣ አያምም” ይሉኛል።

ከፍታ እፈራለሁ። ቤታችን አምፑል ሲቃጠል ወንበር ላይ ወጥታ የምትቀይረው ባለቤቴ ናት። እኔ ወንበሩን እይዛለሁ፤ እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ።