የከማሉዲን ዓሣ እና የእኔ ሽንኩርት

ከማሉዲን ሰባት ዓመት ሙሉ ሳዑዲ በረሃ ላይ ፍየል ሲጠብቅ ኖሮ፣ ለልጁ ግን በስልክ «ዓሣ አጥማጅ ነኝ» ይላት ነበር። ለምን እንደዋሻት ጠይቄዋለሁ። «ፍየልማ እዚህ ቆቦም ሞልቷል፤ ፍየል ልትጠብቅ ነው ወይ ጥለኸኝ የሄድከው ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?» አለኝ። ሰውየው ባሕር ያየው ሲሻገር አንዴ ነው፤ ያኔም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ሲሄድ ድክ ድክ ትል የነበረችው ጀዊሪያ፣ ሲመለስ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «አባ» የምትለው ያሳደጋትን አጎቷን ነው። ከማሉዲንን በምንም አትጠራውም። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እናቷን ሀሊሜን «ሰውዬው ምሳ ይበላ እንደሆነ ጠይቂው» ትላታለች። ይሄ አንጀቱን ያሳርረው ነበር፤ አንዲት ቃል ከአፏ ለመስማት የማያደርገው አልነበረም።

አንድ ቀን ራሷ መጥታ «ዓሣ አጥምደህ አሳየኝ» አለችው። ስላናገረችው በደስታ ሊበር ደረሰ። የጠየቀችው ምን እንደሆነ የገባው ቆይቶ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጎሊና ወንዝ ዳር፣ ሽንኩርቴን ስኮተኩት ሁለቱ ሲመጡ አየሁ። ከማሉዲን መንጠቆ በሲባጎ አስሮ በረጅም ጥንቅሽ ጫፍ ላይ አንጠልጥሏል። የራያ ልጅ እጁ ላይ የሚመጣለት ያው የማሽላ አገዳ ነው። «ቢስሚላህ» ብሎ ሲወረውር መንጠቆው ዞሮ የገዛ ሽርጡን ያዘ። ልጅቱ መንጠቆውን አየች፣ ቀጥላ እሱን አየችው።

ትንንሽ ዓሣ የሚታይበት የወንዙ ኩሬ ዳር እስከ እኩለ ቀን ተቀመጡ። ለማጥመጃ ያመጣው እንጀራ እየሟሟ አለቀ። ልጅቱ በበኩሏ ጥንቅሹን ከታች በኩል እየላጠች ትመጥ ጀመር። ዘንጉ ክንድ ሲያህል እሱም የሚይዘው አጣ።

«አይዋ አራጌ፣ አካፋዎን ያውሱኝማ» አለኝ፤ በእኛ አገር ታላቅ ሰው «አይዋ» ይባላል። ምን ሊያደርግበት ነው ብዬ ሳልጠይቅ ሰጠሁት፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

አባቱ በዘመኑ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ጠልፎ ማሳ በማጠጣት የታወቀ ሰው ነበር፤ ከማሉዲንም ያደገው ቦይ ሲቆፍር ነው። ሽርጡን አሸረጠና ድንጋይ ደረደረ፣ ቅጠልና ጭቃ ረገጠበት፤ አፍታ ሳይቆይ ዓሣዎቹ የነበሩበትን ኩሬ ውሃ በሌላ በኩል አስወጣው። ኩሬው ደረቀ። ውሃው የሄደው ግን ወደ ሽንኩርቴ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ማሳዬን አጠፋኸው!» አልኩ።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ አይዋ» አለ፤ ዞሮም አላየኝ። ጀዊሪያ ጭቃው ውስጥ ገብታ በሆዷ ተኝታ ዓሣ ታባርራለች፤ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። በመጨረሻ ጣት የሚያካክሉ ሦስት ዓሣዎች ያዙ።

ከማሉዲን ከጎኗ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። «ጀዊሪያ፣ እኔ ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ፍየል ነበር የምጠብቀው» አላት።

«አውቄያለሁ።»

«መቼ?»

«መንጠቆው ሽርጥህን ሲይዘው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ጥንቅሹ አላለቀም ነበር» አለችው።

እኔ ግን አልበረደልኝም። ውሃ የነቀለውን ሽንኩርት በእቅፌ ይዤ፣ ለሀሊሜ ጉዱን ልናገር ተከትያቸው ሄድኩ። ሀሊሜ በር ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሳቸው በጭቃ የተለወሱትን ባሏንና ልጇን አየቻቸው፤ ከዚያ ጀዊሪያ በቅጠል ላይ የያዘቻቸውን ዓሣዎች አየች።

«እነዚህን ማን ያዛቸው?»

«አባቴ» አለች ጀዊሪያ። ቀጥላም «በመንጠቆ» አለች።

ከማሉዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ለክስ ያመጣሁትን ሽንኩርት ለዓሣው ይሆናል ብዬ ለሀሊሜ ሰጠኋት።