የጭቃ ሹም መደርደሪያ

እስቲ ያንን መደርደሪያ እዩት፤ አውቶቡሱ ዞሮ የሚመለስበት ጥግ ላይ፣ ቆርቆሮ የለበሰውን። አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ብቻ ቀርቶበታል። ካቻምና በሥራ ሰዓት ብትመጡ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጥንድ ታገኙ ነበር። የሰፈሩ ሰው ጠዋት በጭቃ ሲንቦራጨቅ ይመጣና ቦቱን አውልቆ፣ ንጹሑን ጫማ አጥልቆ ወደ መሃል ከተማ ይሳፈራል፤ ማታ መልሶ ይቀይራል። ጫማ ጠባቂውን ሰውዬ «ጭቃ ሹም» ያሉት እነሱው ናቸው። ሹመቱን አልጠላውም።

እዚህ የመጣው የመሃል ከተማ ኪራይ አንገቱን ሲያንቀው ነው። ያኔ ሰፈሩ ስድስት ቤት ነበር። እህቱን ጠራ፤ እህቱ የባሏን ወንድሞች አስከተለች። ለእነሱ አፍ ዳቦ ቤት ተከፈተ፤ ለዳቦ ቤቱ በር በያጅ መጣ፤ በያጁ አግብቶ ወለደና ልብስ ሰፊዋ ሥራ በዛባት። ሰው ሰውን ይጎትታል፣ ሥራም ሥራን ይወልዳል። ይህን ለማወቅ ቢሮ ገብቶ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ መቀመጥ ያስፈልጋል?

ከመንገድ ቢሮ የተላከው ነዋሪ ቆጣሪ ግን ረፋድ ላይ መጣ። በር አንኳኳ፤ ሰው ሁሉ ሥራ ሄዷል። «ነዋሪው ጥቂት ነው፤ አስፋልት ይቆይ» ብሎ ጻፈ። እሑድ ቢሮ ሄዶ «ሠራተኛ የለም» እንደ ማለት!

ወሬው በዚያው ቀን ሲደርሳት የጭቃ ሹም እህት መደርደሪያው ሥር መጥታ አፋጠጠችው።

«ጠርተህ አሳየው እንጂ! ይኸው ነዋሪው ተደርድሮልሃል።»

«አስፋልት ከመጣ እኔ ምን ልበላ ነው?»

«አይ ወንድምዓለም! ያንተ ሹመት እንዳይሻር ሰፈሩ ዕድሜውን ጭቃ ያቡካ?»

ይህን ጊዜ ቆጣሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ አንድ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ከች አለ።

«አባባ፣ ትንሽ ውሃ አይጠፋም?»

ጭቃ ሹም ጀሪካኑን አቀበለው። መደርደሪያውን አየ፤ እህቱን አየ።

«እነዚህን ቁጠር፣ ልጄ» አለ በመጨረሻ፣ ጥርስ እንደሚያስነቅል ሰው ዓይኑን ጨፍኖ። «ባለቤቶቹ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። ካላመንክ ጠብቃቸው።»

ጠበቀ። አውቶቡሱ ሰው ሲያራግፍ እስክሪብቶው አልደርስ አለው።

አስፋልቱ በዓመቱ መጣ፤ ጭቃ ሹምም ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። በአስፋልቱ ላይ ግን ሌላ ሰው ጎረፈ፤ የሁሉም ሶል ደግሞ ያልቃል። ዛሬ ወስፌውን ይዞ ሲሰፋ ቀና ለማለት ጊዜ የለውም። ከሹመቱም የሻረው የለም።

ያቺ ጥንድ ብቻ ቀረች፤ ቁጥር አርባ አንድ፣ የግራ ተረከዟ የተቀደደ። አንተ፣ አስፋልት ስታይ ቦትህን የረሳኸው! ጭቃ ሹም ቦታውን ለሶል ይፈልገዋል፤ እባክህ ዛሬውኑ መጥተህ ውሰድ።