ፋናዬ ያለችበት ወገን

ሚናስ ሆዳን የሚባለውን ሰፈር አየር ማቀዝቀዣ ሁሉ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ያለው የራሱ ቤት ግን ከአንዲት የምትንገጫገጭ ቬንትሌተር በቀር ምንም የለው። ሚስቱ ፋናዬ በዚህ ስታበሽቀው ካርቶን አንሥቶ እያራገበላት፣ «ከኔ የበለጠ ማቀዝቀዣ ከየት ይምጣልሽ?» ይላታል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ባለፈው ሐምሌ፣ ወላፈኑ ሰው በሚጠብስበት ሰዓት፣ የሰው ጣሪያ ላይ ሲሠራ እግሩ ከዳውና ወድቆ ጭንቅላቱን በቀኝ በኩል ተመታ። ተመስገን ነው፣ ነፍሱ ተረፈች። ከሆስፒታል ሲወጣ ይናገራል፣ ይቀልዳል፣ ግራ እጁ ብቻ ይለግምበታል። ፋናዬም ስለቷን አስገብታ ክፉው ቀን አለፈ አለች። የት ይለፍ!

ሚናስ ሚስቱን ማየት ተወ። «ሚናስ» ስትለው ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። ምሳ ሲቀርብ ከትሪው በሷ በኩል ያለውን እንጀራ ወይ ፍንክች፣ አይነካውም። ያ በሰው ፊት ሳያፍር የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሷ የሚያደርግ ሰው፣ አሁን ጉርሻውን ጠቅልሎ በቀኙ ለተቀመጠችው እህቱ፣ ለእትዬ ሻሼ ይሰጣል። ሻሼም ምን ታድርግ፣ ትጎርሳለች። ፋናዬ ሽሮውን ታያለች። በምን አስቀየምኩት ብላ ያላሰበችው ነገር አልነበረም።

ወደ ሆስፒታሉ ማገገሚያ ያመላለሰችው ለእጁ ብላ ነው። እዚያ የምታክመው ነጃት ድሬዳዋ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ጭንቅላታቸውን በተጎዱ ሰዎች ላይ ለሚደረግ ጥናትም መረጃ ትሰበስባለች። በኮከብ የተሞላ ወረቀት ሰጠችውና ሁሉንም ሰርዝ አለችው። ሚናስ የቀኞቹን ብቻ ሰርዞ፣ «ጨረስኩ» አለ። ሰዓት ሳል ስትለው ደግሞ ቁጥሮቹን ሁሉ በቀኝ በኩል አጨቃቸው።

«ዓይኑ ደህና ነው» አለች ነጃት ለፋናዬ። «አንጎሉ ነው ግራ የሚባለውን ወገን የተወው። ከዚያ በኩል ድምፅ ሲሰማ እንኳ በቀኝ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ በየት በኩል ነው የምትቀመጪው?»

በግራ ነዋ! በቀኝ በኩል በሩና ቬንትሌተሯ አሉ፤ ነፋስ ያለበት ቦታ ደግሞ በዚህ ከተማ የእንግዳ ነው። የቤቱ ሴት ግድግዳው ጥግ ሆና ታልባለች። ፋናዬ ደንቡን ጠብቃ፣ እንግዳ አክብራ፣ ባሏ በማያይበት ቦታ ስትቀመጥ ከርማለች። ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ በቀኝ ነኝ።»

«ያማ ቀላሉ ነው» አለች ነጃት። «ግን በቀኝ ከተገኘሽለት ግራውን ለምን ይፈልጋል? በጣም የሚወደውን ነገር በግራ አስቀምጪለት። አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም። ቃል አልገባልሽም።»

ፋናዬ እሺ አለች። ቤት ስትደርስ ግን አልቻለችም። ናፍቆት እኮ ምክር አይሰማም። ምሳው ቀረበ፣ ሻሼን ጠጋ በይልኝ ብላ በሩ በኩል ተቀመጠች።

ሚናስ አያት። ፊቱ በራ፣ በደህናው እጁ ጉንጯን ዳበሰ። «የት ጠፍተሽ ነው? ድምፅሽን እሰማለሁ፣ በሩን አያለሁ፣ የለሽም። ሁልጊዜ በሩን አያለሁ።»

ለካ ፊቱን ያዞረባት ሲፈልጋት ኖሯል። ጉርሻው መጣ፣ ጎረሰች፤ ከዚያ ሽሮ የሚጣፍጥ ነገር በሕይወቷ አልቀመሰችም። ከዚያ ተነሥታ ወደ ግድግዳው ጥግ ተመለሰች።

«ደግሞ ሄደች» አለ ሚናስ ለእህቱ።

«ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? እዚያው ብትቀመጪ ምን ነበረበት?» ሻሼ ተቆጣች።

«ግማሽ ቤት ውስጥ እንዲኖርልኝ አልፈልግም፣ እትዬ» አለች ፋናዬ።

ሙቀቱ እስኪበርድ ድረስ እንዲህ ኖሩ። በየምሳው ከግራ ትጠራዋለች፣ ግራ እጁን ትይዝለታለች፣ እሱ በሩን ያያል። ሻሼ ጉርሻ ሲመጣላት «ለሚስትህ» ትለዋለች፤ እሱም «እሷማ የለችም» ይላል። ፋናዬ በቀኝ ተቀምጣ ያየችውን ያንን የበራ ፊት እየናፈቀች ስንት ጊዜ ልነሣ ብላ ተወችው።

አንድ ቀን ጉርሻ ጠቀለለና እጁ እንደ ልማዱ ወደ በሩ ሄደ። ፋናዬ ጠራችው። እጁ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ተመለሰ፣ የትሪውን መሃል አለፈ፣ ሽሮው እየተንጠባጠበ ወደ ግራ መጣ። አንገቱም ከኋላው ተከተለ። አፏ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ፤ ዓይኑ ገና እሷ ላይ አላረፈም።

አንገቷን ሰገግ ብታደርግ ትጎርሰዋለች። አላደረገችም።

«እዚህ ነኝ» አለችው አፏን ከፍታ። «ወዲህ ትንሽ ጨምር።»

ሚናስ ትንሽ ጨመረ።