አርባ ረድፍ ሰላምታ

ወንድሜ ከጀርመን ልጁን ይዞ ሊመጣ ነው ሲባል እናቴ ከገጠር፣ ከኮሶዬ ደውላ አንድ ነገር ብቻ አዘዘችኝ፤ «አንቺ ተምረሻል፤ ሳልሞት ከልጅቱ ጋር ሸጋ አድርገሽ አነጋግሪኝ።» የልጅ ልጇ ስምንት ዓመት እስኪሞላት አንድም ቀን አይታት አታውቅም። ልጅቷ ደግሞ ከጀርመንኛ በቀር አትሰማም።

እኔ የተማርኩት ኤክሴል ነው። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር በምሠራበት ቢሮ ኤክሴል ያልፈታው ችግር ገጥሞኝ ስለማያውቅ ጀርመንኛንም ለእሱ ሰጠሁት። በአንዱ ዓምድ አማርኛው፣ በሁለተኛው ጀርመንኛው፣ በሦስተኛው መልሱ። ያገሬ ሰው በወጉ ሳይጠያየቅ ወሬ አይጀምርምና ሰላምታው ብቻ አርባ ረድፍ ፈጀ፤ እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው። መልሱ ግን አላስቸገረኝም። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አንዴ ጻፍኩና እስከ ታች ጎተትኩት። ሌላ መልስ እንዳለ ማን ነግሮኝ! በቃሌ የያዝኩትን አረንጓዴ እየቀባሁ ሁለት ወር ስከርም ሰንጠረዡ የነሐሴ መስክ መሰለ፤ እኔም በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ።

ወንድሜ እኔንና ልጅቷን ኮሶዬ አድርሶ ለጉዳዩ ወደ ጎንደር ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ጋቢዋን አስተካክላ ተቀመጠች። እኔ ስልኬ ላይ ሰንጠረዡን ከፍቼ ልጅቷን በጀርመንኛ «እንዴት አደርሽ?» አልኳት። የልጅቷ ፊት በራ። ማውራት ጀመረች፤ ሆዷን ነካች፣ ወደ በሩ ጠቆመች፣ ተነፈሰች፣ ደግሞ ቀጠለች።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምነው! ይህን ሁሉ አውርታ?»

አፈርኩ። ለወንድሜ ደውዬ ስልኩን ለልጅቷ ሰጠኋት። እሱ ሲተረጉምልን ለካ ብርዱ እንዳላስተኛት፣ ሆዷን እንደቆረጣት፣ እናቷ እንደናፈቀቻት ኖሯል የነገረችን። እናቴ ይህን ስትሰማ ጋቢዋን አውልቃ ጠቀለለቻት።

የመልሱን ዓምድ ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁት። ለልጅቷም በተራዋ አንዲት የአማርኛ ጥያቄ አስጠናኋት። በነጋታው እናቴ ፊት ቆማ «እንዴት አደርሽ?» አለቻት።

እናቴ ትክ ብላ አየቻት። «አንቺ እውነቱን ነግረሽኝ የለ! እኔም ጉልበቴ ሲቆረጥመኝ ነው ያደረው» አለች።

ጠዋት ጠዋት እየደወልኩ ስንት ዓመት ሙሉ ጠይቄያታለሁ፤ ይህን መልስ ግን ሰምቼው አላውቅም። ስልኬን አወጣሁና በባዶው ዓምድ፣ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ያለችውን ጻፍኩ።